ያላበጠው ክንድ

የስምንት ዓመቷ ልጅ ትንፋሽ አጥሯት ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሐኪሙ «አስም» ብሎ ጽፏል። አክስቷ፣ የሞተው አባቷ እህት፣ እናትየውን በቸልተኝነት ከሳለች። የሚኖሩት በአክስት ቤት ነው። ክሱ ከጸና ታናሽየዋንም ልጅ የምትወስደው እሷ ናት።

መርማሪው ፊት እናት አልተቀመጠችም። ታናሽየዋ ቀሚሷን ይዛ ታስነጥሳለች።

«ይህን የማስረከቢያ ወረቀት ፈርሚና ልጅቷን እኔ ላሳድጋት» አለች አክስት።

«እትዬ፣ እጄ ይቆረጣል እንጂ አልፈርምም። ድመቷን ያውጡልን ብዬ ስንቴ ለመንኩዎ?»

«ድመቴ ምን አደረገች? አንቺ ሥራ ስትውይ አለርጂ ያስመረመርኳት እኔ ነኝ። ክንዷ ላይ ካደረጉት አንዱም ጠብታ አላበጠም።»

መርማሪው ቀና አለ። «አንዱም?»

«አንዱም። ክንዷ እንደ ብርጭቆ ነበር።»

ተነሥቶ ልጅቷ ወደተመረመረችበት ክሊኒክ ሄደ።

ነርሷ መዝገቡን አወጣች። «ስድስት ጠብታ ነው። በየጠብታው ቆዳዋን በመርፌ ጫፍ ነካ አደረግኩ። አቧራ፣ ሣር፣ ሻጋታ፣ ድመት። አምስተኛው የጨው ውሃ ነው፣ ማበጥ የለበትም። ስድስተኛው…» ድምፅዋ ወረደ። «እሱ ማንም ላይ ያብጣል፤ ካላበጠ ምርመራው አልሠራም ማለት ነው።»

«እሷ ላይስ?»

«አላበጠም። ይደገም ማለት ነበረብኝ። ንጹሕ ክንድ ሳይ ደስ አለኝና ደህና ናት ብዬ ጻፍኩ።»

«ለምን አላበጠም?»

«ሽሮፕ ወስዳ ይሆናል። ከምርመራው በፊት ሳምንት ሙሉ የጉንፋንም የአለርጂም ሽሮፕ እንዳይሰጣት፣ ክንዱን ዝም ያሰኘዋል የሚል ወረቀት ለአክስቷ ሰጥቻለሁ። ስትመጣም ጠየቅኳት፤ ምንም አልወሰደችም አለችኝ።»

ከዚያ አክስት ቤት ገባ። የሟቿ ልጅ ትራስ ላይ ነጭ የድመት ፀጉር፣ በተቆለፈው የአክስት መሳቢያ ውስጥ የተጋመሰ የጉንፋን ሽሮፕ፣ ከሥሩም የተጣጠፈ ወረቀት አገኘ።

በማግስቱ እናትን፣ አክስትንና ነርሷን ሰብስቦ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

«ልጅቷ ያን ሳምንት ጉንፋን ነበረባት?»

«አልነበረባትም» አለች እናት።

«እንግዲያው ሽሮፑ ለክንዷ ነው እንጂ ለአፍንጫዋ አይደለም። ምን እንደሚያደርግ ወረቀቱ ይናገራል። ወረቀቱን ያነበበ አንድ ሰው ነው፤ ሽሮፑ የተቆለፈበትም የዚያው ሰው መሳቢያ ውስጥ ነው። የድመቷ ጠብታ እንዳያብጥ ሲሉ ማበጥ ያለበትን ስድስተኛውንም አጠፉት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ‹አንዱም› ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

አክስት ጠርሙሱን አየች። «ብቻዬን ስቀር የቀረችኝ ድመቷ ናት። ልጅቷ ትሞታለች ብዬ አይደለም።»

«እርስዎ እዚህ ይቆያሉ» አለ መርማሪው።

እናት ልጅ የማስረከቢያውን ወረቀት አንሥታ ለአራት ቀደደችው። ወደ ነርሷ ዞረች። «ይቺንም መርምሩልኝ። ወረቀቱን ግን ለእኔ ስጪኝ፤ ራሴ አነበዋለሁ።»

ልጇን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ዐሥር ዓመት ሙሉ እትዬ ስትላት ወደኖረችው ሴት ተመለከተች።

«አንቺ» አለቻት። «አንድ ልጄን ወስደሻል፤ ሁለት ብለሽ እንዳትቆጥሪ።»