የየሺዋስ የመጨረሻ ልኬት

የሺዋስ ደብረ ማርቆስ ባለችው ጠባብ ሱቁ ውስጥ፣ ሆዱ የተከፈተ ስፒከር አጠገብ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው ከባድ የስፒከር ማግኔት እዚያው ወድቋል። ርካሽ ስፒከር ገዝቶ፣ ሽቦውን ቀይሮ፣ ሣጥኑን በበግ ፀጉር ጠቅጥቆ፣ ድምፁን በማይክ እየለካ የሚያሳምር ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይጠላል ትላላችሁ? ይኸው ተጠላ።

ኢንስፔክተር የብርጓል ስትደርስ ሳጅን ደምለው ነገሩን በራሱ ቤት ጨርሶት ነበር። የሟቹን ሚስት የኔአለምን በካቴና አስሯታል። እሷም ለጎረቤት ጥላት የመጣችው ሕፃን የመጥቢያ ሰዓቷ እንዳለፈ ደጋግማ ትናገራለች፤ የሚሰማት ግን የለም።

ደምለው እንዳስረዳው፣ የሺዋስ ሲለካ የሚለቀው ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚወጣ ፉጨት ከቀትር በኋላ፣ ዶፉ ሲወርድ ተሰምቷል። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ምስክር ነው። ያኔ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከፉጨቱ በኋላ ደግሞ የገባችው ሚስቱ ብቻ ናት። በዚያ ዝናብ ለምን መጣሽ ስትባል «ስለዘነበ ነዋ» ብላለች።

«ሰው ሲያባራ ይወጣል እንጂ ስለዘነበ ይወጣል፣ ኢንስፔክተር?» አለ ደምለው።

የብርጓል ሱቁን መፈተሽ ጀምራለች። እሷ እንደሆነ አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም፤ ትዞራለች፣ ትነካካለች፣ ታጎነብሳለች። ማይኩን ስትፈልግ መሳቢያ ውስጥ፣ የከረጢቱ ዚፕ እንደተዘጋ አገኘችው።

ፊት ለፊት ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ፈሐድ፣ ጠዋት አዲስ አምፕሊፋየር ከነእሽጉ አምጥቶለት የሺዋስም እሱ እያየ እሽጉን እንደከፈተው፣ ከዚያ ወዲያ ግን ፈሐድ ከራሱ ሱቅ ንቅንቅ እንዳላለ ነገራት። ስፒከሮቹን ይጁቤና ጉንደ ወይን ገበያ እያዞረ የሚሸጠው ባልደረባው አምደሚካኤል ደግሞ ከትናንት ወዲህ ሱቁን አልረገጥኩም፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር አለ። ሻይ ቤቱና ሱቁ ግድግዳቸውም ጓሯቸውም አንድ ነው። የብርጓል እሱ ለይጁቤ ገበያ አስሮ ከደረደራቸው የስፒከር ሣጥኖች አንዱን ፈትታ ውስጡን አየች፤ ከዚያ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበች።

«የኔአለም፣ ባልሽ ሲለካ ትገቢ ነበር?»

«በሩን ይቆልፋል። ኮሽታ አይወድም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን መለካት ስለማይሆንለት ይከፍትልኛል። ያኔ ነው ምሳ አብረን የምንበላው።»

ደምለው አፈረ፤ ማፈርም ይገባዋል።

«እንግዲህ» አለች የብርጓል፣ «በዚያ ዶፍ፣ ማይኩም ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ፣ የሺዋስ ሊለካ አይችልም። ፉጨቱን የለቀቀው ሌላ ሰው ነው። የሺዋስ ከዚያ በፊት ሞቷል። ይህ ሰው ፉጨቱን ከግድግዳው ማዶ ሲሰማው ኖሯል፣ ለምን እንደሚለቀቅ ግን ጠይቆ አያውቅም።»

አምፕሊፋየሩን አበራችና ትንሽ ጠብቃ በስልኳ ደወለች። የአምደሚካኤል የስልክ ጥሪ ከሟቹ ስፒከር ውስጥ አምባረቀ።

«ሱቁን ካልረገጥክ፣ ዛሬ ጠዋት ከእሽጉ የወጣ ዕቃ ስልክህን ከየት አወቀው? በጓሮ ገብተህ ገደልከው። አምፕሊፋየሩን ከስልክህ ጋር አገናኝተህ ሻይ ቤት ተመለስክና ፉጨቱን በብሉቱዝ ለቀቅከው። እነዚያን ሣጥኖችም አይቻለሁ። የየሺዋስን ስም ለጥፈህባቸዋል፤ ውስጣቸው ግን አንዲት የበግ ፀጉር የለም፣ እጁም አልነካቸውም።»

«ገበያ መሀል አዋርድሃለሁ አለኝ» አለ አምደሚካኤል፣ ቀስ ብሎ።

ካቴናው ከየኔአለም እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ላይ ገባ። ወደ ሕፃኗ ትሮጣለች ሲባል እሷ ግን ፊቱ ቆመች።

«አምዴ፣ ምሳውን ይዤ ሳልፍ ከሻይ ቤቱ በር ላይ ጠርተኸኝ ነበር። ቶሎ ግቢ፣ ይጠብቅሻል አልከኝ።»

አምደሚካኤል ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ደስ ብሎኝ እኮ ነው የሮጥኩት» አለችውና ወደ ልጇ ሄደች።