አራተኛው ጎማ

ቀጭ አለ።

ሙሚና ጎማውን ወደ ቸርኬው የምታስገባበትን ብረት እንደጨበጠች ደርቃ ቀረች። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ደረቅ ሽምብራ በጥርስ ሲሰበር ያህል። አጎቷ አብዱልሃሚድ ከአምቡላንሱ ማዶ ሦስተኛውን ጎማ እያሰረ ስለነበር አልሰማም።

«ገባልሽ ወይ፣ ሙሚ?»

«አዎ... ገብቷል» አለች።

አልዋሸችም፤ ጎማውማ ገብቷል። የተሰበረው ውስጥ ያለው ነው።

አምቡላንሱ ክረምቱን የአምባሰልን ጭቃና ዳገት የሚችልበት ሌሎች አራት ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ተልከውለት ነበር። በየቸርኬው ላይ፣ ነፋስ መሙያው ሥር፣ የክብሪት ሳጥን የምታህል ሴንሰር ትታሰራለች። የጎማው ነፋስ ሲቀንስ ሾፌሩ ፊት መብራት የምታበራው እሷ ናት። ሐይቅ ከተማ ወዳለው የአጎቷ ጎሚስታ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። አጎቷም ጠዋት ደጋግሞ አስጠንቅቋት ነበር፦ «ሴንሰሩ ባለበት በኩል ጀምሪ፤ ብረቱን መጨረሻ የምትጫኚው ከሱ ማዶ ይሁን።»

ሙሚና ግን ሙያውን የተማረችው በባጃጅና በአይሱዙ ጎማ ነው። እነሱ ውስጣቸው ነፋሱን የሚይዝ ካላማዳሪያ ስላለ፣ እንዳይቆነጠጥ ተብሎ የሚጨረሰው ነፋስ መሙያው ጋ ነው። ሦስቱን በጥንቃቄ ሠራች። አራተኛው ላይ ስትደርስ «አሁንማ ለምጄዋለሁ» አለችና ሐሳቧን ወደ ትምህርት ቤት ለቀቀችው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና፣ እጇ ሳታዘው በድሮው መንገድ ሄደ።

እናቷ ትዝ አለቻት። የአጎቷ ረዳት በጦርነቱ ዘምቶ ሳይመለስ ሲቀር፣ «ከትምህርት መልስና ቅዳሜና እሁድ እኔ ላግዘው» ብላ ስንት ቀን ለምናለች! እናቷ የፈቀደችው በግድ ነው፤ «የሰው ዕቃ አበላሸች ሲባል የሰማሁ ቀን ግን አበቃ!» ብላ።

ይህን እያሰበች ሳለ የአምቡላንሱ ሾፌር የታመነ ስልክ ጮኸ። ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ ተለዋውጧል።

«አብዱ፣ በል ቶሎ በል! ከውጫሌ በላይ ምጥ የጠናባት ሴት አለች። በወሳንሳ መኪና መንገድ ድረስ አውርደዋታል።»

አጎቷ አራተኛውን ጎማ እየገፋ ወሰደው። መብራቱ የሚበራው መኪናው ትንሽ ከሄደ በኋላ ነው። ያኔ ታመነ ሩቅ ነው፤ ሲመለስም «ከፋብሪካው ብልሽት ነበረበት» ቢባል ማን ያውቃል? ሆድ ይፍጀው። ደግሞስ አሁን ብትናገር ሴትዮዋን ማስጠበቅ አይሆንም?

ግን ስባሪው እዚያ ጎማ ውስጥ እየተንከባለለ ነው የሚሄደው። ያን ገደል፣ ያን ጠመዝማዛ፣ ምጥ የያዛት ሴት ባለችበት መኪና።

«ጋሼ! እንዳያስሩት!» ድምጿ ራሷን አስደነገጣት። «ሴንሰሩን ሰብሬዋለሁ። ነፋስ መሙያው ጋ ጨረስኩት።»

ታመነ በእጁ ጭንቅላቱን ያዘ። «በማርያም! አሁን? በዚህ ሰዓት?»

አጎቷ ለአፍታ አየት አደረጋት። ከዚያ ፊቱን ወደ ድሮዎቹ ጎማዎች መለሰ። «ከኋላ ሁለቱንም የድሮዎቹን እንመልስ፤ አንዱ አዲስ አንዱ የድሮ ሆኖ አይሄድም። ሴንሰራቸው ጤነኛ ነው። ያንን ክሪክ አምጪ፣ ቁጭ ብለሽ አታልቅሺ!»

እያለቀሰች መሆኗን ያወቀችው እሱ ሲናገር ነው። ክሪኩን አመጣች፤ ቡሎን ፈታች፤ ቡሎን አሰረች። ታመነ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል አቧራውን አስነስቶ ሄደ።

አራተኛውን ጎማ ሲከፍቱት ሴንሰሩ ለሁለት ተከፍሏል። አጎቷ የስባሪውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገና ቶሎ እጁን መለሰ፤ ምላጭ ነው። «ያረቢ» አለ ቀስ ብሎ። ስባሪውን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው። ሙሚና ቢጮህባት ትመርጥ ነበር።

ከአስር ሶላት በኋላ ታመነ ደወለ። አጎቷ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ አሰማት።

«ደርሰናል! ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ወለደች፤ ሴት ልጅ! እናትም ሕፃንም ደህና ናቸው። ያቺን ልጅ ሳላመሰግናት ሄድኩ፤ ጮኼባትም የለ? አብሽሪ በልልኝ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ አጎቷ። ሙሚና ጎማ ላይ ዝርፍጥ አለች። ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ።

መግሪብ ሊደርስ ሲል እናቷ ከገበያ ስትመለስ በጎሚስታው በኩል መጣች። «እህ፣ ዛሬስ ምን አጠፋችልህ?» አለች ወንድሟን፣ ግማሹን በቀልድ።

«ምን ታጠፋለች? ደህና ስትሠራ ዋለች» አለ አጎቷ፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ።

ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችል ነበር። ሙሚና እጇን በጨርቅ ጠረገችና የእናቷን ዘንቢል ተቀበለቻት።

«እማ፣ እየሄድን የምነግርሽ አለ» አለች። «ስትሰሚ ትቆጫለሽ። ተቆጥተሽ ስትጨርሺ ግን፣ ነገም እንድመጣ እለምንሻለሁ።»