የአያ አድማሴ ጠበል

አያ አድማሴ ጧት በባዶ ሆዱ ጠበሉን ጠጣና አረፋ ደፍቆ ወደቀ። ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ሞተ። የመንደሩ ሰው ግን ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ፍርዱን ጨረሰ፤ ገዳይዋ ሚስቱ ሥራነሽ ናት። የእንጀራ ልጇ እየሩስ ደምበጫ ከተማ የወጣት ከብት አርቢዎች ሥልጠና እንዳትገባ ከባሏ ጋር ስትጣላ ከርማለች፤ ልጅቱ ግን ገብታለች። የጠጣበትንም ሃይላንድ ጎተራ ሥር ደብቃ ተገኝታለች።

«በውስጡ ያለው የመዥገር መድኃኒት ነው» አለች መርማሪዋ ኢንስፔክተር የዓለምዘርፍ። «ለምን ደበቁት?»

«እንዲሁ» አለች ሥራነሽ።

ድረስ የሚባለው ጎረቤት ግን አፉ አላረፈም። «እሷ ናት እንጂ ማን ይሆናል? ልጅቱን አንድ ቀን እንኳ ‹ልጄ› ብላ ጠርታት አታውቅም።»

የዓለምዘርፍ በረት ገብታ የላሟን ጆሮ ሥር ዳበሰች፤ የሞቱ መዥገሮች እጇ ላይ ረገፉ። ቤት ስትገባ ደግሞ ከግድግዳው የቅዱስ ሥዕል ሥር፣ መደርደሪያው ላይ ጠበል ያለበት ሌላ ሃይላንድ አየች። ውኃው ጠልሏል፤ ነጩ እምነት፣ የተባረከው አፈር፣ ከሥሩ ዘቅጧል።

በሠልስቱ ሁሉም ድንኳን ሲሰበሰብ ተነሥታ ቆመች።

«እምነት የገባበት ጠበል ሲበጠበጥ ይነጣል፤ ሲያድር ግን ይጠልላል። መድኃኒቱም ውኃ ሲነካው ወተት ይመስላል፤ ቢያድርም አይጠልልም። አያ አድማሴ ነጩን ሃይላንድ ሲያዩ የተበጠበጠ ጠበል መሰላቸው። ሸተታቸው፣ መረራቸው፤ ግን ጠበል ሸተተ ተብሎ ይመለሳል?»

«ማን አኖረው ታዲያ?» አለ ድረስ።

«ላሟን ያከመ። ከዚህ ቤት መድኃኒት መበጥበጥ የተማረ አንድ ሰው ነው። መርዝ ሕፃን ከማይደርስበት ከፍ አርጉ ተብሎም ተምሯል። እዚህ ቤት ከፍ ያለው ቦታ ያ መደርደሪያ ብቻ ነው።»

እየሩስ ካለችበት ተነሣች።

«እኔ ነኝ። ከልምምድ የተረፈውን ለላማችን ብዬ አመጣሁት። በራሱ ዕቃ ይቀመጥ፣ ስሙ ይጻፍበት ብለውን ነበር። ነገ እጽፋለሁ ብዬ… አባቴን ገደልሁት!» ብላ መሬት ላይ ተደፋች።

የዓለምዘርፍ ወደ ሥራነሽ ዞረች። «እርስዎ የዚያኑ ዕለት ገብቶዎታል። ለዚህ ደበቁት።»

«እኔ ብታሰር ምን ቀረብኝ? የኖርሁትን ኖሬያለሁ» አለች ሥራነሽ። «እሷን ከተማ እንዳይወስድብኝ ፈርቼ ነበር ትምህርቱን የጠላሁት።»

እንዲህ ብላ ነጠላዋን አውልቃ ልጅቱን አለበሰቻት።

«ተነሺ፣ ልጄ» አለቻት።

ድረስ አንገቱን ደፋ።