የጋሽ ቦጋለ ጆንያ

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በጦፈበት ሰሞን፣ የጉለሌ ጎልማሳ ሁሉ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተኮልኩሎ «ሀ ሁ» ይል ነበር። ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ሞተር ሳይክል የሚጠግነው ጎረቤቴ ጋሽ ቦጋለም አንዱ ተማሪ ነው። ደግ ሰው ነው፣ ለቅሶ አይቀርም፣ ሠርግም አይቀርም። አንዲት አመል ብቻ አለችው። ሞተር ሲፈታ ቢያዩት ግድ የለውም፤ ዘይት ሲቀይር ቢያዩትም ግድ የለውም። የተጣመመ ቸርኬ ሊያቃና ሲል ግን የሱቁን በር በትልቅ የጤፍ ጆንያ ይጋርዳል። እኛም ውጭ ቆመን «ጋሽ ቦጋለ ምጥ ላይ ነው» እያልን እንስቃለን።

ፊደል የምታስቆጥረው ቡርቱካን ናት። ባሏ ሸማኔ ነበር፤ ግንባር ከዘመተ ወዲህ የሽመና ዕቃው ጥግ ይዞ ቀርቷል፣ እሷም ሁለት ልጆቿን በምን እንደምታሳድግ ግራ ገብቷታል። ማስተማሩ በነጻ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ሲወጡ ጋሽ ቦጋለን አስቆመችው።

«ጋሼ፣ ቸርኬ ማቃናት ያስተምሩኝ። ከዚህ እስከ ጳውሎስ የሚሠራው እርስዎ ብቻ ነዎት። ሥራው ለሁለት ይበቃል።»

«ሴት ልጅና ቸርኬ!» አለ መጀመሪያ። ቀጥሎ እውነተኛውን ምክንያት አመጣ። «እኔን ማን አስተማረኝ? አሠሪዬ ዘግቶ ሲሠራ በቁልፍ ቀዳዳ እያየሁ ነው የለቀምኩት። ዛሬ ላሳይሽና ነገ ፊት ለፊቴ ሱቅ ከፍተሽ ልታስርቢኝ?»

ቡርቱካን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ሄደች። በነጋታውም እንደ ወትሮው መጥታ ፊደል አስቆጠረችው።

ክረምት ገባና ጭቃው ጋሽ ቦጋለን ከነኩራቱ አንሸራትቶ ጣለው። ቀኝ እጁ ተሰብሮ በጄሶ ተጠቀለለ። ክፉ ቀን ነው የወደቀው፤ ከእንጦጦ ማዶ በሞተሩ እየዞረ ከብት የሚከትበው ጀላል፣ ቦይ ውስጥ ገብቶ ያጣመመው የፊት ቸርኬ ሽቦው ሁሉ ተነቃቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ ነበር።

«ጋሼ፣ ላሞቹ ቀጠሮ አላቸው እኮ!» አለ ጀላል። «በሽታውን ምን ልበለው? የጋሽ ቦጋለ እጅ እስኪድን ታገሥ ልበለው?»

«ሌላ መካኒክ ጋ ውሰደው።»

«የትኛው ጋ? ሁሉም ‹እሱን የሚያውቀው ቦጋለ ብቻ ነው› ብለው መለሱኝ። ይኸው የእርስዎ ጆንያ የሰው ከብት ሊፈጅ ነው።»

እግዜር ይማርዎ ልትል የመጣችው ቡርቱካን ጥግ ተቀምጣለች። «ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «‹ቦ›ን ሳስጽፍዎት ሰሌዳውን በጀርባዬ ብሸፍነው ኖሮ ዛሬ ስምዎን ይጽፉ ነበር?»

«እሱ ፊደል ነው። ቢሰጡት አያልቅም።»

«ቸርኬስ ያልቃል?»

ጋሽ ቦጋለ ጎንበስ ብሎ የተበተነውን ሽቦ በግራ እጁ ሰበሰበ።

«አሠሪዬ» አለ፣ «የጎን ወንበር ላለው ሞተር የሠራው ቸርኬ ዓመት ሙሉ አይላላም ነበር። የእኔ በሳምንቱ ይላላል። ምን እንደሚያደርገው ሳላይ ሞተ። ቀዳዳዋንም በኋላ በጨርቅ ደፍኗት ነበር።» ቀና አለ። «ነይ፣ ያንን ጆንያ ከበሩ ላይ ንቀይው። ብርሃን ያስፈልግሻል።»

እሱ በአፉ፣ እሷ በእጇ ጀመሩ። ሽቦውን ከቸርኬው እምብርት ወደ ዙሪያው ክብ እያሻገሩ መሰካቱ አላስቸገራትም፤ ለባሏ ድር ስታዘጋጅ የኖረች ሴት ናት። ማጥበቁ ላይ ግን ጥርሷን ነክሳ ሁሉንም አከረረችውና ቸርኬው እንደ ስምንት ቁጥር ተጠማዘዘ። በሩ ላይ የተሰበሰብነው ሥራ ፈቶች ሳቅን።

«ምን ያስቃችኋል? እኔ ስንቱን አበላሽቻለሁ!» አለን። ወደ እሷ ዞሮ፣ «ወደ ቀኝ ካበጠ ግራውን ብቻ አታክርሪ። መጀመሪያ ቀኙን አላዪ፣ ከዚያ ግራውን ሳቢ። በጥቂት በጥቂቱ።»

ቡርቱካን ከኪሷ የሰሌዳውን ጠመኔ አውጥታ ከቸርኬው አጠገብ ደግፋ ያዘችና ቸርኬውን አሽከረከረችው። ያበጠው ቦታ ጠመኔውን እየነካ ነጭ ምልክት ይዞ ዞረ።

«ይቺንስ እኔም አላሰብኳትም» አለ ጋሽ ቦጋለ።

በማግስቱ ምልክቱ እያጠረ፣ እያጠረ ሄደና ቸርኬው ጠመኔውን አንዴም ሳይነካ ዞረ።

ጀላል ሞተሩን አስነሥቶ እስከ እንጦጦ ማርያም ወጣ። እኛ ታች ቆመን ጠበቅን፤ ቡርቱካን የነጠላዋን ጫፍ ታኝካለች። ቁልቁል ሲመጣ አየነው። ያ ባለጌ ሁለት እጁን ለቋል! ሞተሩ ግን እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሴቱ ሁሉ እልል አለ። ጋሽ ቦጋለ ጄሶውን እያወናጨፈ «እጅህን መልስ አንተ! አንድ ስብራት ይበቃናል!» ይላል፤ ፊቱ ግን በሳቅ በርቷል።

እጁ ሲድን ቡርቱካን ፊት ለፊቱ ሱቅ አልከፈተችም። እዚያው አጠገቡ በርጩማ አስገባች፤ ልጆቿም ጠግበው ማደር ጀመሩ። ጆንያውን እግሯ ሥር አንጥፋ ትሠራበታለች።

አንድ ቀን የጎን ወንበር ያለው ሞተር መጣና ሁለቱም ቸርኬው ላይ አቀርቅረው ሲጨነቁ፣ በዳሳ የሚባሉ የቀድሞ ጎሚስታ በመንገድ ሲያልፉ አዩአቸው።

«ካጠበቃችሁ በኋላ ሽቦውን ጥንድ ጥንድ እያደረጋችሁ በመዳፍ ጨምቁት» አሉ ገብተው። «በደንብ ያልተቀመጠው ይቀመጣል። ከዚያ እንደገና አጥብቁ። ሌላ ነገር የለውም።»

ጋሽ ቦጋለ ከተቀመጠበት ተነሣ። «አባባ፣ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?»

«በዚሁ ነው የማልፈው። ጆንያ ሳይ ነውር ነው ብዬ አልገባም ነበር።»

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሙያችሁን የምትደብቁ ሁሉ፣ የበርበሬ ድለዛዋን ለጎረቤት አልናገርም የምትለዋን ጨምሮ፣ በሩን የጋረደ ሰው ሊሰርቀው የሚመጣውን ብቻ አይደለም የሚመልሰው፤ ሊሰጠው የሚመጣውንም ነው። የሚያውቅ ያሳይ፣ የማያውቅ ይጠይቅ።

ያ ሞተር ይኸው ዓመት ሞላው። ቸርኬው አልላላም።