አረጋግጡ ደውሎ ነበር

ሰኞ ጠዋት የመድኃኒት አከፋፋዩ ድርጅት ቀዝቃዛ ክፍል ሲከፈት፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ከበሩ ሥር ኩርምት ብሎ ሞቶ ተገኘ። የለበሰው ስስ ሸሚዝ ነበር። ካርቶን ቀዳዶ ደረቱ ላይ ደራርቧል፤ በር ሲደበድብ ጥፍሮቹ ተልጠዋል። ሞባይሉ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ በዚያ ወፍራም ግድግዳ ግን ኔትወርክ አያልፍም። በሩን ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ ብሎኑ ተፈትቶ ተወስዷል። ይህን ያደረገውን ሰው ወደፊት እነግራችኋለሁ፤ ባነሣሁት ቁጥር ግን አፌን መጉመጥመጥ ያምረኛል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል። ሐኪም መርፌ ቢያዝላት እንኳ ለምን ሳትል አትወጋም እየተባለ ይቀለድባታል። ስትደርስ አለቃዋ ቀድሟት ጉዳዩን ጨርሶት ነበር። የመኪናውን ቁልፍ እጁ ላይ እያሽከረከረ አንድ የታተመ ኢሜይል ሰጣት። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ከሥራ አስኪያጁ አድራሻ ለሟቹ የተላከ ነው፦ «ከቀዝቃዛው ክፍል የሙቀት ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ ሃያ ስድስት ዲግሪ ገብቷል። አሁኑኑ ገብተህ የሙቀት መለኪያ መሣሪያውን እይልኝ።»

ኢሜይሉ የወጣው ከጸሐፊዋ ኮምፒውተር ነው። ሥራ አስኪያጁ ኢሜይል በእጃቸው ነክተው አያውቁም። እሷ አትማ ታቀርባለች፣ እሳቸው መልሱን በወረቀት ይጽፋሉ፣ እሷ ገልብጣ ትልካለች። በዚያ ላይ ጸሐፊዋ ረቡዕ ዕለት ከሟቹ ጋር ተጣልታለች። የሥራ አስኪያጁን ኢሜይል የይለፍ ቃል ጽፋ ስክሪኗ ጠርዝ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት ሰው ፊት ቀዶባት ነበር። አለቃው ከምሳ በኋላ ሊወስዳት ቆርጧል።

ጸሐፊዋ ለራሷ አላለቀሰችም።

«ግድ የለም እትዬ፣ ይሰሩኝ። ማታ ልጄን ማን ይወጋልኛል?»

ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የስኳር በሽተኛ ናት። እናትና ልጅ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የምትወጋት እናቷ ናት፤ እንዲያም ሆኖ ልጅቷ ካለፉት ወራት ወዲህ እየመነመነች ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ገብታለች። ሐኪሞቹ «በትክክል አትወጊያትም» ብለው እናትየዋን ወቅሰዋታል። ዓርብ ዕለትም ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ የወጣችው ወደ ልጇ ለመሮጥ ነው። ያያት ሰው ግን የለም።

መርማሪዋ ከተቀደደው ወረቀት በኋላ የይለፍ ቃሉን የት እንዳደረገችው ጠየቀቻት። ሌላ ወረቀት ላይ ጽፋ ኪቦርዱ ሥር ሸጉጣዋለች። ማን እንደሚያውቅ ብትጠይቃት፣ ጸሐፊዋ አንገቷን ደፍታ፣ ሁሉም ያውቃል አለች። የቢሮው በርም አይቆለፍም።

«እንግዲህ ይሄን ምን ልበለው?» አለች መርማሪዋ። «ሰውየው እኮ የደከመው ለእናንተ ነበር።»

ደክሟል በእርግጥ። ሠራተኛው «አረጋግጡ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣለት በየስብሰባው ይህንኑ ቃል ስለሚደጋግም ነው። ማንም በኢሜይል ቢያዛችሁ አትመኑ፤ ኢሜይሉ ላይ የተጻፈውን ስልክ ሳይሆን እናንተ የምታውቁትን ደውሉ፤ ባለቤቱን በአፉ ጠይቁት ይል ነበር። ታዲያ ራሱ ሳይደውል ይገባል? ማስታወሻ ደብተሩ ከኪሱ ወጣ። የመጨረሻው መስመር «11:12 ወደ ሥራ አስኪያጁ ደወልኩ። ትክክል ነው» ይላል።

ሥራ አስኪያጁ ማንም አልደወለልኝም ብለው ማሉ። እንደ ዓርብ ልማዳቸው አሥር ሰዓት ላይ እናታቸውን ሊጠይቁ ወጥተዋል። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ጨዋ የሚመስል ሰው፣ ምድር ቤት ካለው ቢሮው ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ተኩል ድረስ አልተነሣሁም አለ። የሚጠረጥረው የኢሜይል ጠላፊዎችን ነው። ምስኪኗን ጸሐፊ ከባሕር ማዶ ሆነው ሳያታልሏት አይቀርም እያለ አዘነላት። ሲያዝን ደግሞ ያምርበታል።

መርማሪዋ ጸሐፊዋን አጠገቧ አስቀምጣ የሥራ አስኪያጁን የመልእክት ሳጥን ፈተሸች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የስልክ ማዞሪያ መዝገብ አየች፤ ቀዝቃዛው ክፍል ገብታም የመሣሪያውን ማኅደር አስነበበች። ከምሳ በፊት ሁሉንም ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«በመሣሪያው መዝገብ ክፍሉ ዓርብ ቀኑን ሙሉ አራት ዲግሪ ነበር» አለች። «ሃያ ስድስት የሚለው ውሸት ነው። ግን ለምን ሃያ ስድስት? ባለፉት ስምንት ወራት ይህ ክፍል አሥራ ሁለት ጊዜ ግሏል። መጀመሪያ የጋለ ዕለት ሃያ ስድስት ደርሷል። በየጊዜው መሣሪያው ለሥራ አስኪያጁ ማስጠንቀቂያ ልኳል። እርስዎ አይተዋል?»

ሥራ አስኪያጁ አንድም አላየሁም አሉ። ጸሐፊዋም ራሷን ነቀነቀች።

«አታዩም። ሳጥኑ ውስጥ የተደበቀ ትእዛዝ አለ። ከመሣሪያው የሚመጣውን ሁሉ ማንም ሳያየው ይደመስሳል፣ ቅጂውን ወደ ሌላ አድራሻ ይልካል። አረጋግጡ ዓርብ ጠዋት ምን ነገራችሁ?»

«ሳጥንዎ ውስጥ ባዕድ ትእዛዝ አግኝቻለሁ፣ ምን እንደሆነ ሰኞ ፈትሼ እነግርዎታለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «የመጋዘኑ ኃላፊም አብሮን ነበር።»

«ስለዚህ የዓርቡን ኢሜይል የጻፈው መሣሪያው እንደዚያ እንደሚጽፍ የሚያውቅ ሰው ነው። ጸሐፊዋ አንድም አይታ አታውቅም። እናንተ ጠላፊ ትላላችሁ። ጠላፊ ኢሜይል ይልካል፣ እሺ። ስልክ ግን አያነሣም። አረጋግጡ ደውሎ ሰው አነጋግሯል፤ አርባ ሰከንድ። እርስዎ ሥራ አስኪያጁ፣ ዓርብ ዓርብ ሲወጡ ስልክዎን ወዴት ነው የሚያዞሩት?»

«ወደ መጋዘኑ ቢሮ» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ዐይናቸውም ወደ መጋዘኑ ኃላፊ ሄደ።

«ከወንበሬ አልተነሣሁም ብለሃል» አለችው መርማሪዋ። «ውሸት ነው፣ ፎቅ ወጥተህ ከጸሐፊዋ ኮምፒውተር ኢሜይሉን ልከሃል። ከዚያ ተቻኩለህ ወርደህ ስልኩን ጠበቅህ። እንደሚደውል ታውቅ ነበራ። አዎ፣ እሳቸው ነግረውኛል፣ ግባ አልከው። የውስጡን እጀታ ቀድመህ ፈትተኸዋል፤ ሲገባ ተከትለህ ዘጋህበት። የሰውየውን ጥንቃቄ ራሱን ወጥመድ አደረግኸው። ለምን?»

ኃላፊው በዚያው በለሰለሰ ድምፁ ተናገረ። መጀመሪያ መብራት የጠፋ ዕለት ጄኔሬተሩን ማስነሣት ረስቶ ነበር፤ የክፍሉ መድኃኒት በሙሉ በሙቀት ተበላሸ። ስህተቱን መናገር አፈረና መድኃኒቱን ለየሆስፒታሉ በተነው። ከዚያ በኋላ ክፍሉ በጋለ ቁጥር እየደበቀ ማቆሚያ አጣ። የሱ እፍረት አሥራ ሁለት ጊዜ በልጦ የሰው ነፍስ አነሰ፤ እንዲህ ያለውን ጨዋነት እሳት ይብላው።

ጸሐፊዋ ተነሣች። የልጇን ኢንሱሊን በየወሩ ከመጋዘን እያወጣ፣ አይዞሽ እያለ በእጇ የሚሰጣት እሱ ነበር።

«ባለፈው ወር ስትሰጠኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ፣ ወለሉን እያየ።

አልጮኸችም። «ዛሬ ጠዋትም ወግቻታለሁ» አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወደ በሩ ሮጠች። መርማሪዋ የመኪናውን ቁልፍ ከአለቃዋ እጅ መንትፋ ተከተለቻት።