ያልተበላው ቆርኪ

ኦይታ በዳማ የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይባላል፤ ያሸነፈውም ከዓባያ ሐይቅ የወጣ አዞ ነው። ሲቀላ ገበያ ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም፤ የማያምንም የለም። ያ ኦይታ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከጋቢ መሸጫ ሱቁ ጓሮ፣ ማንጎው ሥር፣ ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ የእንጨት ዱካ ላይ የዳማው ሰሌዳ አለ። የእሱ ቆርኪዎች ፊታቸው ወደ ላይ፣ የባላጋራው ተደፍተው፣ ጨዋታው እንደተጋመሰ ተቀምጠዋል።

ከኦይታ ጋር ዳማ የሚቀመጠው ጎረቤቱ ሳሊሕ ብቻ ነበር። የፖሊስ አዛዡ ሳሊሕን አሰረና ለኢንስፔክተር ሸዋንዳኝ «እስከ ማታ ሌላ ሰው ካላመጣህልኝ ወህኒ ይወርዳል» አለው።

ሸዋንዳኝ የተሰረቀ በሬ የጥላውን ዱካ ተከትሎ ያገኘ ሰው ነው። ዳማ ግን አያውቅም። ሰሌዳውን አፍጥጦ አየው፤ ሰሌዳውም መልሶ አፈጠጠበት።

«ጠዋት የት ነበርክ?» አለው ሳሊሕን።

«ወባ ጥላኝ ቤቴ ተኝቼ።»

«ማን አየህ?»

«ወባዋ ናታ።»

በኦይታ ቤት ሸማ የሚሠራው የጨንቻው ጌዲዮን ግን አልተቸገረም። «ሲጫወቱ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ፣ ጌታዬ። ሳሊሕ ይቺን የጥግ ቆርኪ ገፋ፣ ጋሽ ኦይታ ሳቀ። ልክ አሁን እንደሚያዩት ነበር፤ ትቻቸው ወጣሁ።»

«ዳማ ትችላለህ?»

«ዳማ የማይችል አለ እንዴ?»

ሸዋንዳኝ ይህን የሰደቡት ያህል ቆጠረው። በንዴት ጎረቤት ካለችው ባለ ሻይ ቤቷ አገኘሽ ዘንድ ገባ። አገኘሽ የጓሮውን ጨዋታ በአጥሩ ላይ ስታይ የኖረች ናት።

«ጌዲዮን የኦይታን ልጅ ፌቨንን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ጋሽ ኦይታ መለሳቸው» አለችው።

«ይሄ ሰሌዳውን አይፈታልኝም። ዳማ አስተምሪኝ።»

«በሰያፍ ወደ ፊት ይገፋሉ። ከፊትዎ የኔ ቆርኪ ካለ፣ ከኋላው ያለው ቤት ባዶ ከሆነ፣ ዘለው ይበሉታል።»

ተሸነፈ። ደግሞ ተሸነፈ። በመጨረሻ ሌላ ቆርኪ ሲገፋ ክንዱን ያዘችው።

«ይብሉ እንጂ።»

«አልበላም፤ ወጥመድ ነው።»

«ወጥመድም ቢሆን ይበላሉ። ዳማ ግብዣ አይደለም፣ አልፈልግም አይባልም። ካለፉ፣ መብላት የነበረበት ቆርኪዎ ይነሳል» አለችና አነሳችበት።

ሸዋንዳኝ ዱካውን በእርግጫ ሊል እግሩን አነሳና፣ እንደተነሳ ቀረ። ከዚያ ሻዩን ሳይጨርስ ወደ ኦይታ ጓሮ ሮጠ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም ማንጎው ሥር ሰበሰባቸው፤ አዛዡን፣ ካቴና ያጠለቀውን ሳሊሕን፣ ጌዲዮንን፣ አገኘሽን፣ ስታለቅስ የዋለችውን ፌቨንን።

«ጌዲዮን፣ ያየኸው ይሄንኑ ነው?»

«ይሄንኑ ነው።»

«የጥጓን ወደ ቦታዋ መልሻታለሁ። የሳሊሕ ተራ ነው እንበል። ተጫወትለት።»

ጌዲዮን የጥጓን ቆርኪ ገፋ። አገኘሽ እጇ ቀደማት፤ ከጎኗ ያለችውን የሳሊሕ ቆርኪ ላፍ አድርጋ አነሳች።

«ምን ሆነሻል?» አለ አዛዡ።

«መብላት ነበረበታ!»

«አዎ» አለ ሸዋንዳኝ። «የኦይታ ቆርኪ ይቻት፣ ከኋላዋ ባዶ ነው። እዚህም አለች፣ እዚያም። ሳሊሕ እነዚህን ሁሉ ትቶ የጥጓን ገፋ፣ ኦይታም ዝም ብሎ ሳቀ ነው የምትለኝ።»

«ሳያዩት አልፈውት ይሆናል» አለ ጌዲዮን።

ሳሊሕ አንገቱን ቀና አደረገ። «ኦይታ? አንዲት ብዘነጋ ለወር ያህል ገበያውን ሁሉ ያሰማብኝ ነበር።»

«ስለዚህ እንዲህ ያለ ጨዋታ አልነበረም» አለ ሸዋንዳኝ። «ዳማ የሚችል ሰው፣ ሳሊሕም ቢሆን፣ እንዲህ አይደረድርም። የማይችል ሰው ደረደረው። አይቼዋለሁ ያለኝ ደግሞ አንተ ብቻ ነህ። ኦይታ ሳሊሕን እየጠበቀ ቆርኪ ሲደረድር መጣህ። ስትመታው ሰሌዳው ላይ ወደቀ፤ ቆርኪው ተበተነ። ለቅመህ፣ እንደመሰለህ አስቀመጥከው።»

«ጠዋት ተመልሼ እለምነዋለሁ ብለኸኝ ነበር» አለች ፌቨን ቀስ ብላ።

ጌዲዮን ሰሌዳውን እንጂ እሷን ማየት አልቻለም።

«ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም» አለ። «ከቆርኪው ላይ ዓይኑን አላነሳም።»

ካቴናው ከሳሊሕ እጅ ወደ ጌዲዮን ተዛወረ። ሰው ሲበተን ሳሊሕ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጣሳቸው መለሰ። ሸዋንዳኝ ዱካ ስቦ ሊቀመጥ ሲል ሳሊሕ እጁን ዘረጋና ከለከለው።

«ነገ ና፤ አስተምርሃለሁ። ግን በኔ ወገን ነው የምትቀመጠው። ያ የኦይታ ቦታ ነው።»