በእሱ ፈንታ ያደረግሁት ምልክት

ያገናኘን የአውቶቡስ በር ነው። በሩ ጣቶቹን ጨፍልቆበት ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር፤ መጻፍ አይችልም።

በሆስፒታሉ የጥናት ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ሐኪሞቹ በዘር የሚወረስ፣ ልብን በድንገት የሚያቆም በሽታ ያጠኑ ነበር። ለዚህም በፈቃዳቸው ደም የሚሰጡ ሰዎች ይፈልጋሉ፤ በሽታው ከቤታቸው የገባም፣ ጤነኞችም። ከደሙ ላይ የብዙ ሺህ ሰው ዲኤንኤ አንብበው ያስተያያሉ። እኔ ከጤነኞቹ ወገን ነበርኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሆስፒታሉን ጋውን የምንሰፋው እኛ ስለሆንን ነርሷ ለምናኝ ነው የሄድኩት። ጤነኛ መሆኔን ግን ያን ቀንም ተጠራጥሬአለሁ።

እሱ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። አባቱ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ታላቅ ወንድሙም በሠላሳ አራት ዓመቱ እንዲሁ ሆነ። ይህን ሁሉ የነገረኝ እየቀለደ፣ የጎረቤት ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነው።

ነርሷ ቅጹን እንድሞላለት ጠየቀችኝ። እያነበብኩለት፣ የሚለውን እየጻፍኩለት የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረስን። ለጤናዎ የሚያሰጋ ነገር ቢገኝ እንዲነገርዎ ይፈልጋሉ? ይላል።

«አልፈልግም በይ» አለኝ። «ደሜን ይውሰዱት፣ ለሌላ ሰው ይጥቀም። እኔ ግን ቀኔን እየቆጠርኩ መንዳት አልችልም።»

«ምናልባት መላ ቢኖረውስ? ምናልባት...»

«ወይዘሪት ምናልባት፣ አልፈልግም አልኩሽ እኮ» ብሎ ሳቀ።

ሲስቅ አየሁት። ትውውቃችን ገና የግማሽ ሰዓት ነው። ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ታየኝ። እጄ «እፈልጋለሁ» የሚለው ሳጥን ላይ ሄዶ ምልክት አደረገ። እሱም ሳያነብ በግራ እጁ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ በልብስ ስፌት ቤታችን ደጅ ባለፈ ቁጥር መብራቱን ብልጭ ያደርግልኝ ጀመር። እረፍት ሲኖረው ይመጣና፣ ዛሬስ ጣሪያው ይወድቅብን ይሆን እያለ ያሾፍብኛል። እኔም ወደ ጣሪያው ቀና ብዬ አያለሁ። ስለ ምልክቱ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ዓመት አለፈ፤ ቀለበት አሰርን።

በሁለተኛው ዓመት ከጥናት ክፍሉ ተደወለለት። እኩለ ቀን ላይ መጥቶ ሳይቀመጥ ቆመ። የእሱ ደም ብቻውን ምንም ባልተናገረ ነበር አሉት። የማያውቃቸው ቤተሰቦችም ደም ሰጥተው፣ በእሱ ዲኤንኤ ላይ ያለው እንከን እነሱም ላይ ስለተገኘ ነው የሚገድለው ነገር የታወቀው። ደረቱ ውስጥ ልቡን የሚጠብቅ መሣሪያ ይቀበርለታል። ሰው ጭኖ መንዳት ግን ከእንግዲህ የለም።

«አልፈልግም ብዬ ነበር» አለ። «ቅጹን አሳዩኝ እላቸዋለሁ።»

የስፌት ማሽኑን አቆምኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ፍርሃቱ ያንቺ ነው» አለኝ። «ወረቀቱ ግን የኔ ነበር።»

ወጥቶ ሄደ። አራት ወር ሙሉ ያንን አውቶቡስ ሌላ ሰው እየነዳው በደጃችን አለፈ፤ መብራቱ ብልጭ አይልም። ሞቷል ብዬ ስንት ጊዜ ለብቻዬ አለቀስኩ።

አንድ ቀን ከስቶ፣ ሸሚዝ በፌስታል ይዞ ገባ። አሁን በአውቶቡስ ጣቢያው ትኬት እንደሚቆርጥ ነገረኝ።

«የቦርሳዬ ማንገቻ እዚህ ጋ ይፈትገኛል» ብሎ ግራ ደረቱን አሳየኝ። «ከውስጥ ጨርቅ ደርቢበት።»

ልለካው ተጠጋሁ። መሣሪያው ከቆዳው ሥር የክብሪት ቀፎ ያህል ጎብጦ ወጥቷል።

«ያምሃል?»

«ምናልባት» አለኝ። ይህን ቃል ሳያሾፍበት ሲናገረው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ተጋባን፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖርን። ከቤታቸው ወንዶች አርባ ዓመት የሞላው እሱ ብቻ ነው። ልቡ ሲቆም መሣሪያው ሁለት ጊዜ መለሰልኝ። በሦስተኛው አልቻለም። ይቅር ብዬሻለሁ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ አደራ ብሎኛል፤ «ለልጃችን እንዳትጽፊላት።»

ባለፈው ወር ልጃችን አሥራ ስምንት ዓመት ሞላት። በራሷ ፈቃድ ደም ልትሰጥ ወደዚያው ክፍል ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። በአባቷ ደም የተነሣ የሌሎች ሰዎች ልጆች በጊዜ መትረፋቸውን ሐኪሙ ነገራት። ቅጹን ሞልታ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?»

መልሱ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ተነሥቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።

ስትወጣ የቱ ሳጥን ላይ ምልክት እንዳደረገች አልጠየቅኋትም። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ግን መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ አዳምጣለሁ።